ፕሮግራሙ ሄደ፣ ስሙ ቀረ

ባለፈው ሰኔ፣ ትልቋ ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ አራት ቀን ሲቀራት፣ የቤታችን ላፕቶፕ አማርኛ አልጽፍ አለ። የመጻፊያው ፕሮግራም ሲነካ አይከፈትም፤ ፕሪንተሩም ጭራሽ የለም ይላል። ጥፋተኛዋ እኔ ነበርኩ።

ዋዜማውን ማታ «ይሄ ላፕቶፕ ተጎተተብን» ብዬ ከጓደኛዬ ፍላሽ ላይ አንድ ማጽጃ ፕሮግራም ጭኜ ነበር። ፕሮግራሙ ጥቂት ደቂቃ ፈትሾ ከሺህ በላይ «ስህተት» እንዳገኘ በቀይ ጽሑፍ ነገረኝ። አብዛኞቹ ከዓመታት በፊት ያጠፋናቸው ፕሮግራሞች ትተዋቸው የሄዱ ቅሪቶች ናቸው ተባልኩ። «አጽዳ» የሚለውን ተጫንኩና ለበዓል ቤቷን እንዳጸዳች ሴት ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ የወሰድንበት የመጀመሪያው ጠጋኝ «ፎርማት ይደረግ» አለ። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ የልጄ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን፣ አባቴ በሕይወት ሳለ ከእኛ ጋር ያከበረው የመጨረሻው ገና ፎቶዎች ነበሩ። ሌላ ቦታ አልተገለበጡም። እሺ ሳልል ይዤው ወጣሁ። ሁለተኛው ጠጋኝ ግን ኮምፒውተሩን ከሦስት ቀን በፊት ወደነበረበት ሁኔታ መለሰው፤ ፎቶውም ጽሑፉም አልተነካም። ሲሸኘን «ማዘር፣ ያልገባዎትን መዝገብ አይሰርዙ» አለኝ።

መዝገቡ ምንድን ነው?

ዊንዶውስ በሚሠራበት ኮምፒውተር ውስጥ ሬጂስትሪ የሚባል ትልቅ መዝገብ አለ። ዊንዶውስ 95 በ1995 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ የኮምፒውተሩና የፕሮግራሞቹ ቅንብር በብዛት የሚጻፈው እዚያ ነው። አዲስ ፕሮግራም ሲጫን የት እንደተቀመጠ፣ የትኞቹን ፋይሎች እንደሚከፍት፣ እርስዎ የመረጡለት ቋንቋ የቱ እንደሆነ ይመዘገባል።

ፕሮግራሙን ሲያጠፉት ታዲያ የተመዘገበው ሁሉ አብሮ አይሰረዝም። አንዳንዱ ሆን ተብሎ የሚቀር ነው፤ ነገ መልሰው ቢጭኑት ምርጫዎ እንዲጠብቅዎ። አንዳንዱ ሌላ ፕሮግራም የሚጋራው ነው። አንዳንዱ ደግሞ በልጅዎ ወይም በባለቤትዎ መግቢያ ስም ሥር የተጻፈ ስለሆነ አይነካም። የቀረውም የአዘጋጆቹ ስንፍና ነው።

ቅሪቱ ያዘገያል?

የሰፈራችሁን ዕድር መዝገብ ያስቡ። ከሰፈር የለቀቀ አባል ስም መዝገቡ ላይ ቢቆይ ዕድሩን አያዳክመውም። ጸሐፊው የእርስዎን ስም ሲፈልግ ወደ እርስዎ ገጽ ይሄዳል እንጂ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አያነብም። ዊንዶውስም የሚፈልገውን ቅንብር በአድራሻው ነው የሚያገኘው፤ የተረሱ መቶ መስመሮች ቢኖሩም ባይኖሩም ልዩነቱ አይታወቅዎትም። ነገር ግን ጸሐፊው በጥድፊያ የነባር አባል ስም ቢሰርዝ፣ ችግሩ የሚታወቀው ኀዘን የደረሰ ዕለት ነው። እኔም የሰረዝኩት ይህንኑ ነበር።

ማይክሮሶፍት ራሱ የሬጂስትሪ ማጽጃ ፕሮግራሞችን እንደማይደግፍ በይፋ አስታውቋል። ማጽጃው ራሱ የአደጋ በር የሆነበትም ጊዜ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሲክሊነር የተባለው ታዋቂ ማጽጃ ውስጥ ሰርጎ ገቦች ጎጂ ኮድ አስገብተው፣ ፕሮግራሙ ከነኮዱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኗል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ አጠፋፋችንን እናስተካክል። ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ምልክት ወይም ፎልደሩን መሰረዝ ፕሮግራሙን ማጥፋት አይደለም፤ ቤቱን አፍርሶ ስሙን መዝገብ ላይ መተው ነው። በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «አፕስ»፣ ከዚያ «ኢንስቶልድ አፕስ» ገብተው «አንኢንስቶል» የሚለውን ይጫኑ። አንቲቫይረስ ከሆነ ብዙዎቹ አምራቾች የራሳቸውን ማስወገጃ ያዘጋጃሉ፤ እሱን ይጠቀሙ።

ኮምፒውተሩ ከተጎተተ ደግሞ ዓይንዎን ከሬጂስትሪው ላይ ያንሱ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው «ስታርትአፕ» የሚለውን ይመልከቱ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች እዚያ ይታያሉ፤ የማይፈልጉትን «ዲስኤብል» ያድርጉ። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነም ይፈትሹ። የእኛ ቤት ላፕቶፕ በሽታው ይኸው ነበር፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነሱ አሥራ አንድ ፕሮግራሞች አገኘን።

ቅሪት መንካት የሚያስፈልገው በእርግጥ ሲያስቸግር ብቻ ነው። ለምሳሌ ኮምፒውተሩን በከፈቱ ቁጥር የጠፋው ፕሮግራም ፋይል «አልተገኘም» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ወይም በቅሪቱ ምክንያት አዲሱ አልጫን ሲል። ያኔም ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ፎቶና ሰነድዎን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጡ።

2. በመፈለጊያው ሳጥን «ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብለው የመመለሻ ነጥብ ይፍጠሩ። አገልግሎቱ ጠፍቶ ከሆነ መጀመሪያ ያብሩት።

3. በ«ሬጂስትሪ ኤዲተር» ውስጥ በእርግጠኝነት የሚያውቁትን፣ የጠፋውን ፕሮግራም ስም የያዘውን ፎልደር ብቻ ይምረጡ። «ኤክስፖርት» ብለው ቅጂውን ያስቀምጡና ከዚያ ይሰርዙ። ኤዲተሩ የሰረዙትን የሚመልስ ቁልፍ የለውም። ስህተት ከሆነ ያስቀመጡትን ቅጂ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ተመልሶ ይገባል።

ስሙን ከተጠራጠሩ ይተዉት፤ ቢቀር አይጎዳዎትም።

ልጄ ጽሑፏን በሰዓቱ አስረክባ ተመርቃለች። የአባቴ ፎቶዎችም አሁን ሦስት ቦታ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ቅጂ እህቴ ቤት ነው። በዚህ ወር አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ፦ ኮምፒውተርዎን ከማጽዳትዎ በፊት፣ ቢጠፋ የሚያስለቅስዎትን ነገር ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

የወር ሰው ይበለን!