ጎፈሩ ምስክር አይሆንም

እስቲ ዛሬ ከቡና ዋጋ ወጣ እንበልና ስለ አንበሳ እናውራ። ረዘም ይላል፤ የቸኮለ ሰው ማታ ያንብበው።

ሰሞኑን እህቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እዚህ ቦሳ አዲስ እኛ ቤት ሰንብታ ነበር። አቦሉ እስኪወርድ ልጄ የአክስቷን ስልክ ተቀብላ ፎቶ ስታገላብጥ አንድ ጎፈሩ የጠቆረ አንበሳ ላይ ደረሰችና «አባዬ፣ ይሄ የየት አገር ልጅ ነው?» አለችኝ። እህቴ ቀደመችኝና «የአዲስ አበባ ነዋ!» ብላ ሳቀች። እኔ ደግሞ «የኛው አገር ልጅ ነው ይባላል» አልኳት። ልጅ «ይባላል» የሚለውን ቃል አይወድም። «ነው ወይስ አይደለም?» ብላ ያዘችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስድስት ኪሎውን አንበሳ ግቢ ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1948 አቋቋሙት። መነሻ የሆኑት ሰባት አንበሶች፣ አምስት ወንድና ሁለት ሴት፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተይዘው የመጡ ናቸው ይባላል። ደቡብ ምዕራብ ማለት እንግዲህ የኛው ወገን ነው። ትክክለኛ መነሻቸው ግን እስከ ዛሬ እንዳከራከረ ነው። ዘራቸው ከሰባ ዓመት በላይ በዋና ከተማው እየተራባ፣ ስንት ሚሊዮን ሰው ፎቶ እየተነሳበት፣ «አባቱ ከየት ነው?» ሲባል የሚመዘዝ አንድ የማያከራክር ወረቀት የለም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከግቢው 15 አንበሶች ናሙና ወስደው፣ 8 ወንድና 7 ሴት፣ ዘረመላቸውን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች አንበሶች ጋር አስተያይተው ነበር። የተለዩ ሆነው አገኟቸው። ራሳቸውን ችለው እንዲጠበቁና በዕቅድ እንዲራቡም መከሩ። ያኔ ሁላችንም ደረታችንን ነፋን። «በዓለም ላይ የሌለ አንበሳ የኛ ነው» አልን።

ደረት መንፋቱን አልጠላም። ግን እስቲ ቀስ ብለን እናስበው። ሰባት ሰው ደሴት ላይ ብታስቀምጥና ልጆቻቸው እርስ በርስ እየተጋቡ ስድሳ ዓመት ቢኖሩ፣ መጨረሻ ላይ ከሌላው ሰው ለየት ብለው መታየታቸው አይቀርም። ልዩነቱ ከጫካ ይዘውት የመጡት ነው ወይስ እዚያው ግቢ ውስጥ የመጣ? ይሄን መለየት የሚቻለው አሁንም በዱር ካሉት ዘመዶቻቸው ጋር አስተያይቶ ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም የድመት ዘር ባለሙያዎች አንበሳን በሁለት ሲከፍሉት፣ የሰሜኑና የደቡቡ ወገን ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዷ ኢትዮጵያ ሆናለች። መገናኛ ላይ ያለ አገር ደግሞ ከማንም በላይ መዝገብ ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው «መዝገብ ምን ያደርጋል፣ ጎፈሩ እኮ ይናገራል» ይላል። እህቴም ያለችኝ ይሄንኑ ነው። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው።

ጎፈር በብርድ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በተለያዩ ከተሞች መካነ እንስሳት ያሉ አንበሶችን አወዳድሮ፣ ብርድ አገር ያሉት ጎፈራቸው ረዘምና ጠቅጠቅ ብሎ አገኘው። በርዝመትና በጥግግት ከሚታየው ልዩነት እስከ ግማሽ የሚሆነው ከአየሩ ሙቀትና ብርድ ጋር የተያያዘ ነው ብሏል። ስድስት ኪሎ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የማያንስ ቦታ ነው። የሐምሌን ጠዋት እዚያ ያሳለፈ ያውቀዋል፤ ሰውም ጎፈር ቢያበቅል ደስ ባለው። እንግዲህ የምናደንቀው ጎፈር ከፊሉ የዘር፣ ከፊሉ የአዲስ አበባ ብርድ ሥራ ሊሆን ይችላል። የሌላ አገር አንበሳ አምጥተህ እዚያው ብታሳድገው ጎፈሩ ሊደነድን ይችላል። የኛውን ደግሞ ቆላ ብትወስደው ሊሳሳበት ይችላል። በዓይን ብቻ ማንም አይለየውም፤ አንተም እኔም ባለሙያውም።

ይሄን አሁን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ አዲስ አበባ አንበሳ ማየት ማለት ስድስት ኪሎ ብቻ ነበር። በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ሲከፈት ባለ ጥቁር ጎፈሩ አንበሳ እዚያም መስህብ ሆነ። የከተማዋ የእንስሳት ስብስብ እየተለወጠ፣ እየሰፋ ነው፤ ወደፊትም ይሰፋል። እሰየው። ጠባቡን የብረት አጥር የሚናፍቅ የለም። ግን ወሬው ሁሉ «ስንት ዓይነት አለ? ነጭ አለ? ቀጭኔ አለ?» ሆኗል። ስብስብ በቁጥር የሚለካ ከሆነ ገንዘብ ያለው ከተማ ሁሉ ይበልጠናል። ገንዘብ የማይገዛው እነዚያ የሰባቱ ልጆች ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ ከሌላ ጋር አንዴ ከተደባለቁ አበቃ፣ መመለሻ የለውም።

በብርድ ከእኛ የሚብስ አንድ ቦታ ልጥቀስ። ስኮትላንድ ውስጥ ሃይላንድ ዋይልድላይፍ ፓርክ የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተ። መጀመሪያ የአገሩን እንስሳት፣ ያሉትንም የጠፉትንም ዓይነት፣ ነበር የሚያሳየው። በኋላ ስብስቡን ለወጠና የብርድ አገር እንስሳት ጨመረ፤ የዋልታ ድብ፣ የበረዶ ነብር፣ የሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ታይገር። ጎብኚ የሚመጣው ለድቡ ነው። ግን እዚያው ግቢ፣ ከጎብኚ ዓይን ገለል ባለ በኩል፣ የስኮትላንድን የዱር ድመት ያራባሉ። ያ ድመት ከቤት ድመት ጋር እየተዳቀለ ሊጠፋ የደረሰ ነው፤ ሲያዩት ሁሉም ዝንጉርጉር ስለሆነ መልክ ያሳስታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዘረመሉን መርምረው፣ ወላጁን መዝግበው ነው የሚያራቡት። እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምታቸው ካለፈ በኋላ 19ኙን ጫካ ለቀቋቸው። ድቡ ሰው ይጠራል፣ ድመቷ ሥራውን ትሠራለች። እኔ የምቀናው በድቡ አይደለም።

«እኛ አቅሙ የለንም» የሚል ካለ ጮጬ ይሂድ። ከአጋሮ ብዙ አይርቅም። ከየአውራጃው የተሰበሰበ የቡና ዘር እዚያ ማሳ ላይ ተተክሎ ይጠበቃል፣ ከየት እንደመጣ ተመዝግቦ። የጅማ ሰው ቅጠል አይቶ ብቻ «ይሄ የሊሙ ነው» ብሎ አይፈርምም፤ ጆንያው ላይ ያለውን ምልክት ይጠይቃል። ለቡና ያወቅንበትን ለአንበሳ ማን ከለከለን?

መዝገብና ዕቅድ ከሌለ ምን እንደሚመጣም አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የስድስት ኪሎ ግቢ ቦታና ገንዘብ አጥቶ ደቦሎቹን በመርዝ እየገደለ፣ በድናቸው ለቆዳ ሞይዎች እንደሚሸጥ በዓለም ዜና ተነገረ። ኃላፊዎቹም አልካዱም። ስድስት ዓመት ቆይቶ «ዘራቸው የተለየ ነው» የሚለው ጥናት መጣ። የትኞቹ ነበሩ የሞቱት? የማን ልጆች? ምናልባት ከሰባቱ የአንዱ መስመር እዚያ ላይ ተቆርጦ ይሆናል። ይሄን ለልጄ አልነገርኳትም።

ደግሞ ዘመዶቻቸው ከምድረ ገጽ ጠፍተው ቢሆን ኖሮ እሺ። የከፋ ጫካ ውስጥ አንበሳ አለ። በዚያው በ2012 አንድ ጣሊያናዊ ፎቶ አንሺ፣ ናቡ ከሚባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ጋር እየሠራ፣ በከፋ ጥብቅ ደን ውስጥ አንስቶታል። ፈረንጁ «ዝናብ ጫካ ውስጥ አንበሳ!» ብሎ ተገረመ። የኛ ሰው አልተገረመም። በሰኔ 1997 ዓ.ም. ቢታ ገነት አካባቢ የተጠለፈች የ12 ዓመት ልጅ ሦስት አንበሶች ጠብቀዋት ተገኘች የተባለው ዜና ዓለምን ሲያዳርስ፣ ሰው የተከራከረው ጠበቋት ወይስ ሊበሏት ነበር በሚለው ነው፤ አንበሳ መኖሩንማ ማን ተጠራጠረ። ጨበራ ጩርጩራም አለ። ሌንጫ እዚህ አገር የተረት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ከእነዚህ የዱር አንበሶች ከፀጉርም ከፋንድያም ናሙና ተወስዶ ከአዲስ አበባዎቹ ጋር ይስተያይ። አዲስ አበባ ያሉት እያንዳንዳቸው፣ የትኛውም ግቢ ይሁኑ፣ እናትና አባታቸው በአንድ መዝገብ ይስፈር፤ ከውጭ የመጣ አንበሳ ካለም ለብቻው ይኑር፣ አይዳቀላቸው። ወደዚህ ጫካ ይመለሱ አላልኩም፣ ገና ነው። ከብቱን ጫካ ዳር የሚያሰማራው ገበሬ ሳይጠየቅ የሚወራ ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ። ቦንጋ፣ ዴቻ፣ ቢታ፣ አመያ፣ ዳውሮ ያላችሁ ወይም ቤተሰብ ያላችሁ፣ «ለጃንሆይ አንበሳ ተይዞ ሲሄድ አይቻለሁ» የሚል አያት ካላችሁ ጠይቁልኝ። ጉድጓድ ተቆፍሮ ነው? ደቦሉን ከእናቱ ነጥቀው ነው? በየት መንገድ አለፉ? ጅማ አድረው ነበር? ዓመቱ ባይታወስ የቦታው ስም ይበቃል። እዚሁ ሥር ጻፉት፤ ሰው ፊት የማይጻፍ ከሆነ ደግሞ በውስጥ መስመር። ልጄ በየቀኑ «መጣ?» እያለችኝ ነው።