የዓሣን ተባይ በእውነተኛ ስሙ ስለ ማወቅ

የደዌውን ስም ያላወቀ ሐኪም መድኀኒቱን በትክክል ለማዘዝ እንደማይችል የታወቀ ነው። ይህም በሰውና በከብት ብቻ ሳይሆን በሐይቅና በኩሬ በሚኖሩት ዓሦችም ዘንድ እውነት ነው፤ ለዚሁም ሌርኒያ የምትባለው ጥገኛ ተባይ ታላቅ አስረጅ ናት።

ሌርኒያ ኮፔፖድ ከሚባሉት፥ ከሸርጣን ጋራ ከሚዛመዱት ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ወገን ናት። ከእንቍላል ወጥታ በውሃ ውስጥ እየዋኘች ቅርጿን ደጋግማ ከለወጠች በኋላ በዓሣ ላይ ታርፋለች። ወንዱ ከተገናኛት በኋላ ይሞታል፤ እርስዋ ግን ራስዋን በዓሣው ሥጋ ውስጥ ቀብራ የመርከብ መልሕቅ የሚመስል ቀንድ ታበቅላለች፤ ከውጭ የሚንጠለጠለውም ገላዋ ክር ይመስላል። በቍስሉ ሌላ ደዌ ይገባበታል፤ ተባዩም ሲበዛ ትንንሾቹ ዓሦች ያልቃሉ፤ የአርቢውም ድካም ከንቱ ይሆናል።

የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኒየስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1758 ዓ.ም. ስም ሲያወጣላት ከትሎች ጋራ ቈጥሯት ነበር። ይህም አያስነቅፈውም፤ ያደገችይቱ ሴት የዘመዶችዋን መልክ ጥላ ትል መስላለችና። ኋላ ግን ሊቃውንት የልጅነትዋን አካል በማይክሮስኮፕ መርምረው እውነተኛውን ወገንዋን ገለጡ።

ከዚህ በኋላ ሌላ ችግር ተነሣ። መርማሪዎች የመልሕቁን ቅርጽ እየተመለከቱ ብዙ ዓይነት ስም አወጡላት፤ ነገር ግን ቀንዱ እንዳደገበት ዓሣና እንደ ገባበት ሥጋ መልኩን የሚለውጥ ሆኖ ተገኘ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. የቻይና ሊቃውንት ባሳተሙት ምርምር፥ ሁለት ልዩ ዓይነቶች ይባሉ የነበሩት ሌርኒያ ሲፕሪናሲያና ሌርኒያ ክሩሲያታ አንድ መሆናቸውን፥ ከዘር የሚወረሰውን ዲ.ኤን.ኤ. በመመርመርና ዓሦችን በሙከራ በማስያዝ አስረዱ።

ይህ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። ሌርኒያ በንግድ ከሚጓዙት ካርፕና ወርቃማ ዓሣ ጋራ ከአገር ወደ አገር ተሰራጭታለች። ተቈጣጣሪው በስም ከተሳሳተ፥ አዲስ የገባውን ተባይ የቈየ የአገር ተባይ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። በውሃ ውስጥ የሚጨመረውም መድኀኒት የሚገድለው የሚዋኙትን ልጆች እንጂ በሥጋ የተቀበረችውን እናት ስላልሆነ፥ ዕድሜዋንና ጠባይዋን ያላወቀ አርቢ ገንዘቡን በውሃ ላይ ያፈስሳል።

ነገር ግን ዲ.ኤን.ኤ.ም ብቻውን አይበቃም። በተሳሳተ ስም ወደ መዝገብ የገባ ምርመራ ኋላ የሚመጡትን ሁሉ ያሳስታልና፥ የተመረመረው ተባይ ገላ ተሥሎና ተጠብቆ ሊቀመጥ ይገባል። አስተዋይ ዳኛ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንደማይፈርድ ሁሉ፥ አካልና ዘር ሁለቱ ተስማምተው ሲመሰክሩ ያን ጊዜ ስሙ ይጸናል፤ ስሙም ሲጸና መድኀኒቱ ስፍራውን ያገኛል።