አኻያ ወደ ወንዙ ዳር ይመለስ

ከጮቄ ተራራ ተነስተው ወደ ዓባይ የሚወርዱት ወንዞች፣ ሙጋም ሱሃም ሌሎቹም፣ ክረምት ሲገባ የገበሬውን አፈር ይዘው ነው የሚሄዱት። በሞጣና በብቸና ዙሪያ ዳሩ የተራቆተ ወንዝ ሲሞላ ማሳውን ከሥሩ ይቦረቡረዋል፤ አምና ጤፍ የታጨደበት ጠርዝ ዘንድሮ ገደል ሆኖ ይገኛል።

ዳሩን ይይዝልኛል ብሎ ባሕር ዛፍ የተከለ ብዙ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ገንዘብ ይሆናል፤ ምንጭ አጠገብ ሲቆም ግን ውሃውን ይሻማል፣ በአቅራቢያው ያለውን እህልም ያቀጭጫል። ቦታው የአኻያ ነው።

አኻያ የአገር ዛፍ ነው፤ ከወይና ደጋ እስከ ደጋ በወንዝ ዳር ይበቅላል። ቅጠሉ ጠባብና ረጅም፣ ጀርባው ነጣ ያለ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ለጋ ቅርንጫፉ ከውሃው ጋር ይተኛል፤ ውሃውም ፍጥነቱ ሲቀንስ የያዘውን ደለል እዚያው ይጥላል። ቀጫጭን ሥሮቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው አፈሩን ይይዛሉ። ቅጠሉን ከብት ይበላዋል፣ አበባውን ንብ ይቀስመዋል፣ እንጨቱም ይነዳል።

ዘሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመብቀል አቅሙን ስለሚያጣ በከረጢት አስቀምጦ ማቆየት አይቻልም። ደግነቱ አኻያ ከቁራጭ ይበቅላል። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ሰው ችግኝ ከጣቢያ መጠበቅን ለምዷል፤ ለአኻያ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። ሰኔ ላይ መሬቱ ሲርስ ገበሬው በአካባቢው ከቀሩት ዛፎች አውራ ጣት የሚያክል ውፍረት፣ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ጤናማ ቅርንጫፍ ይቁረጥ። ሁለት ሦስተኛውን እርጥብ ዳር ላይ ይቅበረው፣ የታችኛው ጫፍ ወደ ላይ እንዳይገለበጥ ይጠንቀቅ። ወንዱና ሴቴው ለየብቻ ስለሆነ ከአንድ ዛፍ ብቻ አይቆረጥ፤ ዛፉንም ማራቆት አይገባም።

አኻያም ቢሆን ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ የምንጩ ዓይን ላይና ሣር የሚታጨድበት ጨፌ መሐል አይተከል፤ ቦታው የሚናደው ዳር ነው።

የተተከለው ቁራጭ ትልቁ ጠላት ከብት ነው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያና ገበሬዎቹ በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ሥራ ሲያቅዱ ከእርከኑ ጋር የወንዙን ዳር ያካትቱ፤ የሚከለለውን ይለኩ፣ ከብት ውሃ የሚወርድበትን መንገድም ይተዉ። ትምህርት ቤቶችና ዕድሮች ደግሞ አንድ አንድ የወንዝ ዳር ይረከቡ። ሐምሌ ላይ ያልያዘው ቁራጭ ተነቅሎ፣ ዝናቡ ሳይወጣ በሌላ ይተካ።