ሻምፒዮኑም ፈተና ተቀምጧል

የአራት ጊዜ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮኑ ማክስ ቨርስታፐን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ጀርመን ሄዶ እንደማንኛውም ጀማሪ ትምህርት ተከታተለ። በኑርበርግሪንግ ሰሜናዊ ዙር፣ በኖርድሽላይፈ፣ ለመወዳደር የሚጠየቀው ልዩ ፈቃድ አልነበረውም። በማግስቱ ጉልበቷ በተቀነሰ ፖርሽ ካይማን ተወዳደረ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ከፍተኛውን ፈቃድ ይዞ በፌራሪ መጣና ከቡድን አጋሩ ጋር አሸነፈ።

ብዙ ሰው ለዝናው ሲባል በዝምታ ያልፉታል ብሎ ይጠብቅ ነበር። መንገዱ ግን ዝና አይቶ የሚራራ አይደለም። ርዝመቱ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ70 በላይ ኩርባዎች አሉት፣ በደን ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ኒኪ ላውዳ በ1976 በእሳት የተቃጠለው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፎርሙላ ዋን በዚያ ዙር ተወዳድሮ አያውቅም።

የሚያስገርመው ሌላ ነገር አለ። ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ቀናት ማንኛውም ጎብኚ ተራ መንጃ ፈቃዱን ይዞ፣ ቲኬት ቆርጦ በዚያው መንገድ መንዳት ይችላል። መሽቀዳደም ግን ክልክል ነው። ውድድር ሲባል መንጃ ፈቃድ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ቅዳሜና እሁድ ለደስታቸው የሚወዳደሩ አማተሮች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። የውድድር ፈቃድ የሚሰጠው የየአገሩ የሞተር ስፖርት ማኅበር ሲሆን የበላይ ደንቡን የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ፊያ፣ ነው። በአገር ውስጥ የሚሠራው ፈቃድ ድንበር ሲሻገር በራሱ አያገለግልም። ወይ ዓለም አቀፍ ደረጃ ያለው ፈቃድ ማውጣት፣ ወይ ደግሞ ውድድሩ ለውጭ ዜጎች ክፍት ከሆነ ፈቃዱን ከሰጠው ማኅበር የጽሑፍ ይሁንታ መያዝ ያስፈልጋል። የሐኪም ምርመራም አለ፤ ዓይንና አጠቃላይ ጤንነት ይታያል። ለእኔ ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ነው፣ ቤት ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው በተለይ።

ውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ልጃችሁ ካርት እየነዳ አድጎ ወደ መኪና ውድድር መሸጋገር ከፈለገ፣ ፓስፖርቱ የየት አገር እንደሆነ ይጠየቃል። ዜግነቱ የሌላ አገር ከሆነ፣ የሚኖርበት አገር ማኅበር ፈቃድ የሚሰጠው በደንቡ መሠረት የዜግነት አገሩ ማኅበር ሲስማማ ነው። ይህ ደብዳቤ መላላክ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ልጁ የራስ ቁር ከመግዛቱ በፊት ቢጀመር ይመረጣል። ሆቴልና የአውሮፕላን ትኬት ይቆዩ። ኢንሹራንሱ ውድድርን የሚሸፍን መሆኑንም በጽሑፍ ጠይቁ፤ የተለመደው የመኪና መድን ውድድር ላይ ለሚደርስ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።