የሞንቴርኪዋ ማርያም ወደ ጸሎት ቤቷ ትመለስ

በጣሊያን ቶስካና፣ በአሬዞ አቅራቢያ፣ ነዋሪዋ 2,000 የማይሞላ ሞንቴርኪ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሳንታ ማሪያ ዲ ሞመንታና የተባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግድም ሠዓሊው ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ በግድግዳዋ ላይ ነፍሰ ጡሯን ማርያምን ሳለ። ዛሬ ሥዕሉ እዚያ የለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ለእድሳት ተነሥቶ ወደ አንድ የቀድሞ ትምህርት ቤት ተወሰደ፤ ሕንፃው ሙዚየም ሆነና ሥዕሉም በዚያው ቀረ። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሀገረ ስብከቱና የባህል ሚኒስቴሩ ለዓመታት ሲከራከሩበት ኖረዋል። እኔ ወደ ጸሎት ቦታው ይመለስ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ዋናው ማስረጃዬም ሥዕሉ ራሱ ነው።

ሁለት መላእክት፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆነው፣ የድንኳን መጋረጃ ግራና ቀኝ ገልጠው ይዘዋል። መካከል ላይ ማርያም ቆማለች። ሆዷ ስለገፋ ሰማያዊ ቀሚሷ ከፊት ተከፍቶ የውስጡ ነጭ ይታያል፤ እጇም በዚያ ክፍተት ላይ አርፏል። ሌላኛውን እጇን ወገቧ ላይ ማድረጓ ወሯ የገባ ሴት ሁሉ የምታውቀው አቋቋም ነው። ሰማያዊው ቀለም የተሠራው ከአፍጋኒስታን ተነሥቶ በቬኒስ ነጋዴዎች በኩል ይመጣ ከነበረው ውድ ድንጋይ፣ ከላፒስ ላዙሊ ነው። ለአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል ወጪ መውጣቱ ሥዕሉ እንደ ተራ ጌጥ እንዳልታየ ይመሰክራል። መጋረጃውም ቢሆን የሚገለጠው ፊት ለፊቱ ለቆመ ምእመን ነው። ቅዳሴ የሚያስቀድስ አንባቢ የመጋረጃ መገለጥ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም።

የአካባቢው ሴቶችም ሥዕሉን የተረዱት እንዲሁ ነው። በሰላም ለመገላገል ሲማጸኑበት ኖረዋል፤ በምጥ ሰዓት «ማርያም ማርያም» በሚባልበት አገር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥዕሉ ለፍሎረንስ ኤግዚቢሽን በውሰት ሲጠየቅ ከተማዋ አልሰጥም ያለችው ነፍሰ ጡሮቿን አስባ እንደሆነ ይነገራል። ሙዚየሙ ራሱ ነፍሰ ጡር ሴቶችን ያለ ክፍያ ያስገባል። ደግ ሥራ ነው፤ ግን እነዚህ ሴቶች የሚመጡት ለጉብኝት ብቻ አለመሆኑን ማመንም ነው። ታዲያ ለጸሎት የመጣን ሰው ትኬት መቁረጫ በር ላይ ማቆም ምን ይሉታል?

መቃወሚያው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1785 አካባቢው መካነ መቃብር ሲሆን ቤተ ክርስቲያኗ በአብዛኛው ፈርሳ አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት ብቻ ቀርታለች፤ ሥዕሉም በ1911 ከግድግዳው ተነቅሏል። «የሚመለስበት የጥንቱ ቤት የታለ?» የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። ነገር ግን ግድግዳው ሲጎድል ምእመኑ አልተበተነም። ማርያም በመቃብር መካከል በቆመች ጸሎት ቤት ውስጥም ሕይወት ተሸክማ ትታይ ነበር፤ ሴቶቹም ሙታኖቻቸውን አልፈው ወደ እሷ ይገቡ ነበር። ሙዚየም በምንም ዓይነት መብራት ይህን ሊተካ አይችልም።

ከባዱ መቃወሚያ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ሞንቴርኪ እ.ኤ.አ. በ1917 በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተመትታለች፤ እርጥበትም የግድግዳ ሥዕል ጠላት ነው። እዚህ ላይ የጥበቃ ባለሙያዎች ስጋት ሊናቅ አይገባም፤ ሕንፃው ሳይጠናከር ሥዕሉ ይመለስ ማለት ጥፋት ነው። ሆኖም መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በፓዶቫ የጆቶ ሥዕሎች ያሉበት የስክሮቬኚ ጸሎት ቤት ጎብኚዎችን በጥቂት በጥቂቱ፣ አየሩ በሚጣራበት ክፍል ካቆየ በኋላ ያስገባል። ሥዕሎቹ ከግድግዳቸው ሳይነሡ ተጠብቀዋል። ለአንድ የሞንቴርኪ ሥዕል ይህን ማድረግ ያቅታል ብዬ አላምንም። ገቢ ይቀንሳል ለሚሉም መልሱ ቅርብ ነው፦ ጎብኚው ሥዕሉን ፍለጋ እስከ ጸሎት ቤቷ ይሄዳል፤ ከተማዋንም አቋርጦ ማለፉ አይቀርም።

ስለዚህ ሦስቱ ተከራካሪዎች የባለቤትነቱን ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን ትተው አስቀድመው ጸሎት ቤቷን ያጠናክሩ። ሕንፃዋ ሥዕሉን ለመጠበቅ ብቁ መሆኗ በባለሙያ በተረጋገጠ ማግስት ማርያም ወደ ስፍራዋ ትመለስ፤ ለምትጸልይ ነፍሰ ጡርም በሩ ያለ ትኬት ይከፈት።