ሳንሱር ሆይ፣ ስለ ማስታወቂያው እናመሰግናለን!

«ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም ያሳተመው የመንግሥቱ ድርጅት ኩራዝ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ያስለቀመው ያው መንግሥት። ያትማል፣ ይደነግጣል፣ ይለቅማል! አንድን ልብወለድ ለማስተዋወቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ እኛ አናውቅም። የፈተና ደብተር ስንከፍት እንቅልፍ ይጥለናል፤ «አታንብቡ» የተባልነውን ግን በአንድ ሌሊት እንጨርሰዋለን።

ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል። በዓሉ ግርማ መጀመሪያ ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ደግሞ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ደርግ በ1983 ወደቀ። «ኦሮማይ» ዛሬም በየመጽሐፍ መደብሩ ይሸጣል፤ በ2017 በእንግሊዝኛም ወጥቷል።

ታዲያ ሳንሱር ማንን ከምን አዳነ? ሕገ መንግሥቱ በ1987 ከልክሎታል፤ መቀሱን ግን ብዙዎቻችን በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። መጽሐፉስ ተመለሰ፤ ደራሲው የት ገባ?