የአዲስ አበባ የነገ ውሃ፤ ከዘነበወርቅ እስከ አቃቂ ማሳዎች

ለአዲስ አበባ የወደፊት የውሃ አቅርቦት ሲታቀድ ሁለት ምንጮች ጎልተው ይነሳሉ፤ የከርሰ ምድር ውሃና ተጣርቶ ዳግም ጥቅም ላይ የሚውል ፍሳሽ። ሁለቱ በዕቅድ ላይ ለየብቻ ቢሰፍሩም መሬት ላይ ግን የተያያዙ ናቸው። የከተማዋ ተዳፋት ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ ወንዞቿም፣ የከርሰ ምድር ውሃዋም በአብዛኛው ይህንኑ ተከትለው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። ላይ የተጣለው ታች ይደርሳል ማለት ነው።

ከተማዋ ለረጅም ዓመታት የኖረችው በግድብ ውሃ ነው። ከገፈርሳ ቀጥሎ ለገዳዲ፣ ከዚያም ድሬ ተጨመሩ። የሕዝቡ ቁጥር ሲያድግ ግን ግድቦቹ ብቻቸውን አልበቁም። ቀዳዳ በበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የተከማቸውን ውሃ ለማውጣት በአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ በለገዳዲና በሌሎች አካባቢዎችም ቁፋሮው ቀጠለ። ዛሬ ከከተማዋ አቅርቦት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከከርሰ ምድር የሚገኝ ነው። ይህም ሆኖ በርካታ አካባቢዎች ውሃ የሚያገኙት በፈረቃ ነው።

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዘነበወርቅ አካባቢ ችግሩን በግልጽ ያሳያል። በአጠገቡ ያለው ረጲ፣ በተለምዶ “ቆሼ” የሚባለው የቆሻሻ መጣያ፣ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ደረቅ ቆሻሻ ተቀብሏል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ብዙም ያልተነገረለት ሌላው ጉዳት በውሃው ላይ የደረሰው ነው። መጣያው ሲጀመር ከሥሩ ፍሳሽ የሚያግድ ንጣፍ አልተነጠፈለትም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከክምሩ የሚንጠፈጠፈው ጥቁር ፈሳሽ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል፤ ከፊሉም ወደ መሬት ይሰርጋል።

ትንሹ አቃቂ ደግሞ የአትክልት አምራቾች ውሃ ነው። በወንዙ ዳርቻ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመንና ካሮት ያመርታሉ፤ ምርቱም በከተማዋ ገበያ ይሸጣል። በወንዙና በአትክልቶቹ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስን የመሰሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። የቆዳና የሌሎች ፋብሪካዎች ፍሳሽም የዚሁ ምንጭ ነው። በመፍላት ተሕዋስያን ይሞታሉ፤ ከባድ ብረት ግን በመፍላት አይጠፋም።

መፍትሔ ሆኖ የሚጠቀሰው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሲሆን ከማስፋፊያው በኋላ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም እንዲኖረው ተደርጓል። በበጋ ወራት 1 ሄክታር አትክልት በቀን 50 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል ተብሎ ቢሰላ፣ ጣቢያው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ የሚወጣው ውሃ ብክነት ከሌለ ለ2 ሺህ ሄክታር ይበቃል። ግማሹ በመንገድ ቢባክን እንኳ 1 ሺህ ሄክታር ያለማል። በውሃው ውስጥ የሚቀረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስም የማዳበሪያ ወጪን ይቀንሳል።

ነገር ግን የተጣራው ውሃ ተመልሶ ከሚለቀቅበት ከተበከለው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በብዙ ወጪ የተጣራው አርሶ አደሩ ማሳ ሲደርስ ዳግም ቆሽሿል። በሌላ በኩል የቤት ፍሳሽን ለማጣራት የተሠራ ጣቢያ የፋብሪካን ከባድ ብረት ሙሉ በሙሉ አያስወግድም። የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሆክ ለዚህ ትምህርት ትሆናለች። ዊንድሆክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1968 ጀምሮ ፍሳሽን አጣርታ ለመጠጥ ስታውል የፋብሪካ ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ ጋር እንዳይደባለቅ ለይታ ነው።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የፋብሪካ ፍሳሽ ከምንጩ ይለይ፤ የቆሼ ፈሳሽም ወንዝ ሳይደርስ ይታገድ። ቀጥሎ የተጣራው ውሃ በቧንቧ ወይም በተለየ ቦይ በቀጥታ ማሳ ይድረስ። የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ለመጠጥ የሚቆጠበው ያን ጊዜ ነው።

የሕግ መሠረቱ አለ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለመጠጥና ለቤት አገልግሎት ቅድሚያ ይሰጣል፤ ፍሳሽ ወደ ውሃ አካል ለመልቀቅም ፈቃድ ይጠይቃል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩን ተጠያቂ ያደርጋል። የወረዳ አመራሮች ድርሻ በየአካባቢያቸው ማን ምን ወደ ወንዝ እንደሚለቅ መዝግቦ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅና ክትትሉን ማጥበቅ ነው። የተጣራው ውሃ ሲከፋፈልም በወንዙ ዳርቻ የሚያለሙ አርሶ አደሮች ድርሻ ከወዲሁ በዕቅዱ ሊሰፍር ይገባል። አለበለዚያ ውሃው ንጹሕ ሲሆን ለሌላ፣ ሲቆሽሽ ለእነርሱ ይሆናል።

አርሶ አደሩም እስከዚያው ጉዳቱን መቀነስ ይችላል። በወንዙ ውሃ ሰላጣን የመሰሉ በጥሬው የሚበሉ አትክልቶችን አለማምረት፣ ውሃውን ቅጠል ላይ ከመርጨት በቦይ ሥሩን ማጠጣት፣ ከምርት መሰብሰቢያው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ውሃ ማቆምና ምርቱን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ተሕዋስያንን ይቀንሳሉ። የከባድ ብረቱ መፍትሔ ግን በአርሶ አደሩ እጅ የለም፤ ከላይ፣ ከፋብሪካው ደጃፍና ከዘነበወርቅ አጠገብ ካለው ክምር ይጀምራል።